ለመዝናናት የሚሮጥ ክርስቲያንና ጽናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ሰዎች ይመጣሉ። አንደኛው በጋለ ስሜት የጠዋት ሩጫ ጀምሮ ወር ሳይሞላው የተወ ነው። ሌላው የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የወጣቶች ኅብረት አባላትን ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ መሮጥና ስለ እምነት መነጋገር የሚፈልግ ነው። የሁለቱም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገናኛል። ሩጫ ስለ ጽናት ብዙ የሚያስተምረው ሰው ጥርሱን ነክሶ በጨረሰበት ቀን ይመስላል፤ እኛ ግን አቋርጦ በተመለሰበት ቀን የሚማረው ይበልጣል ባዮች ነን።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ሩጫ ከእኔ የጠዋት ሩጫ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ከሜዳ የተወሰደ ምሳሌ ነው። በቆሮንቶስ አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ የኢስትምያ ውድድር ይካሄድ ነበር። አሸናፊው ራስ ላይ የሚደፋው አክሊል ከጥድ ዝንጣፊ ወይም ከደረቀ ቅጠል የተጎነጎነ ስለነበር ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለሚጠፋና ስለማይጠፋ አክሊል ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 9፥25) የሚያውቁትን ነገር ነው ያነሣላቸው።

ዕብራውያን 12፥1ን በ1954ቱ ትርጉም ያነበበ «በፊታችን ያለውን ሩጫ በትዕግሥት እንሩጥ» የሚለውን ያገኛል፤ አዲሱ መደበኛ ትርጉም «በጽናት» ይለዋል። ግሪኩ ከሸክም በታች ሆኖ መቆየት እንደማለት ነው። ዛሬ «ታገሥ» ስንባል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይመስለናል፤ እዚህ ግን የሚታገሠው ሰው እየሮጠ ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር እንጨምር፦ በዚህ ጥቅስ «ሩጫ» የተባለውና በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7 «መልካሙን ገድል» ተብሎ የተተረጎመው በግሪኩ አንድ ቃል ነው። የቅዱሳንን ገድል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ብዙ ይነግረዋል።

ይህም ሆኖ ጳውሎስ ራሱ ልክ ያበጅለታል። ሰውነትን ማስለመድ ለጥቂት ይጠቅማል ይላል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። ለጥቂት የሚጠቅም ነገር ደግሞ ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ቦታውን ማወቅ ብቻ ነው።

ሮጬ አላውቅም። በምን ያህል ልጀምር?

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው አይጋጩበትም፣ በየመሐሉም ዕረፍት አለ። ሁልጊዜ በ5 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይጀምሩ፣ በ5 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ ይጨርሱ። በመሐል ያለው እንዲህ ነው፦

ሳምንት 1 እና 2፦ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 8 ጊዜ
ሳምንት 3 እና 4፦ 2 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 6 ጊዜ
ሳምንት 5 እና 6፦ 4 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 4 ጊዜ
ሳምንት 7፦ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 3 ጊዜ
ሳምንት 8፦ ሳያቋርጡ 20 ደቂቃ

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ከመጀመር በፊት ሐኪም ትጠይቅ፣ ይጠይቅ።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው የእርምጃውን ደቂቃ በመዝለል ነው። በሁለተኛው ዙር ጉልበት አለኝ ብሎ እርምጃውን ይዘላል፤ አምስተኛው ላይ ጎኑን ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል። ዘጸአት 16ን እዚህ ላይ ማንበብ ጥሩ ነው። እስራኤላውያን መናውን ለዕለት የሚበቃቸውን ያህል እንዲሰበስቡ ታዘዙ፤ ለነገ ብለው ያስቀሩት ተላ። የነገን ሩጫም ዛሬ ሮጦ ማስቀመጥ አይቻልም። ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጥ የሮጠ ሰው የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር በምቾት ለመጨረስ ሌላ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይጠብቀዋል።

ትንፋሼ ቶሎ ይቆራረጣል። ፍጥነቴ ልክ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሰዓትም ስልክም አያስፈልግም። እየሮጡ «አባታችን ሆይ»ን ድምፅ አውጥተው ይበሉ። «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ብለው፣ አየር ስበው፣ «ስምህ ይቀደስ» ብለው ከቀጠሉ ፍጥነትዎ ልክ ነው። «በሰማ…» ላይ ከተቆረጠብዎ ፈጥነዋል፤ ቀስ ይበሉ። መዝሙር ከነዜማው፣ ከነማንጎራጎሩ የሚወጣልዎ ከሆነ ደግሞ ትንሽ መጨመር ይችላሉ፤ ለጀማሪ ግን እሱም ክፉ አይደለም።

የመጀመሪያው 500 ሜትር ነው ሰውን የሚያታልለው። እግር ትኩስ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሠፈር ያያል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት በእርምጃ ቢያሳልፍ ይሻለዋል። እዚያ በቀላሉ የሚሮጠው ፍጥነት እዚህ ያንገዳግደዋል።

ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል የሚለው የሉቃስ 14፥28 ቃል ከዚህ ጋር ይሄዳል። መቁጠር የእምነት ማነስ ተደርጎ አልቀረበም።

ለምን ሁሌ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እተወዋለሁ?

ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ የሰውነት ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሽ ሲስተካከል ሰው ደስ ብሎት ርቀት ይጨምራል፤ ያኔ ቅልጥሙ ፊት ለፊት ወይም የተረከዙ ጅማት መጠዝጠዝ ይጀምራል። መድኃኒቱ በሳምንት ከአሥር በመቶ ገደማ በላይ አለመጨመር፣ ከአስፋልት ይልቅ ሣርና አፈር መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጃንሜዳ ለዚህ ይመቻል።

ሁለተኛው የአእምሮ ነው። ጅማሬው ላይ ያለው ሞቅታ ያልቃል፣ ለውጡ ግን ገና አይታይም። ጾምም፣ የጥሞና ጊዜም፣ ማኅሌት መቆምም ይህ የማይጣፍጥ ወቅት አላቸው። ጳውሎስ የገላትያን ሰዎች «በመልካም ትሮጡ ነበር» ያላቸው (ገላ. 5፥7) ጀምረው ሳይሆን መሐል ላይ ነው፤ የሚያሳዝነውም «ነበር» የምትለዋ ቃል ናት።

ስለዚህ የመመለሻ ደንብ ሳይቋረጥ በፊት ይኑርዎት። አንድ ሳምንት ካመለጠዎ ያለፈውን ሳምንት ይድገሙ። ሁለት ሳምንት ካመለጠዎ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሱ። ከወር በላይ ከሆነ ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ ሁለተኛው ጊዜ ይቀላል። ያመለጠውን ለማካካስ በአንድ ቀን ሁለት እጥፍ መሮጥ ጨርሶ የለም። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» (ምሳሌ 24፥16) የሚለው ቃል የወደቀውን ሰው ጻድቅ ማለቱን አልተወም፤ ብዙ አንባቢ ይህቺን ይዘላታል።

ሕመምን ችሎ መሮጥ ጽናት አይደለም?

አይደለም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን። «ሥጋዬን እየጎሰምሁ አስገዛዋለሁ» የሚለውን (1ኛ ቆሮ. 9፥27) ይዘው ጉልበታቸውን ያጠፉ ወጣቶች አሉ። ጳውሎስ ሥጋውን የሚያስገዛው ሊጠቀምበት ነው፤ የተሰበረ ባሪያ አያገለግልም።

ድካምና ጉዳት ይለያያሉ። ድካም ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ ባትና ጭንን በሰፊው ያዝላል፣ በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ይሰማል፣ በሁለት ቀን ይለቃል። ጉዳት በጣት የሚጠቆም አንድ ቦታ አለው፣ በአብዛኛው አንድ እግር ላይ ነው፣ እየሮጡ ሲሄዱ ይብሳል፣ አረማመድን ያዛባል። ማነከስ ከጀመሩ እዚያው ይቁሙ፤ በእግር ይመለሱ። አንድ ሳምንት አርፈው የማይለቅ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ደረትን የሚጨምቅ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካለ ግን ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው።

ጎን ሲወጋ ይህ ሁሉ ጭንቀት አያስፈልግም። ፍጥነት ይቀንሱ፣ የሚወጋውን ቦታ በእጅ ጫን ብለው አየሩን እስከ መጨረሻው ያውጡ፤ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። ከመሮጥ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ከባድ ምግብ መብላት የተለመደው መንሥኤ ነው።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን መልአኩ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር፤ በልቶ ተኛ፣ እንደገና ተቀሰቀሰ፣ እንደገና በላ። «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነው» ተባለ (1ኛ ነገሥት 19)። ተግሣጹ የመጣው ከእንቅልፉ በኋላ ነው። አርባ ቀን የሄደውም ከዚያ በኋላ ነው።

«ሸክምን ሁሉ አስወግደን» የሚለውን በተግባር እንዴት ላስበው?

ከኪስ ይጀምሩ። ስልክ፣ የቁልፍ ዘለላ፣ ሳንቲም፣ ለብርድ ተብሎ የተደረበ ወፍራም ጃኬት፤ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ሁሉም ይከብዳል። አንዳቸውም በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ጥቅሱም (ዕብ. 12፥1) ሸክምንና ኃጢአትን ለይቶ ነው የጠራቸው፤ ሁሉ ሸክም ኃጢአት አይደለም፣ ግን ለሩጫ አይሆንም። በቡድን ሲነጋገሩ ይህቺ ጥያቄ ጥሩ ውይይት ታመጣለች፦ ኃጢአት ያልሆነ፣ ግን የሚያዘገየኝ ነገር ምንድን ነው?

ጫማ ላይ ግን ቆጣቢነት አያዋጣም። አዲስ መግዛት ካልተቻለ ሳልባጅ ተራ ጥሩ ጫማ አይጠፋም፤ እንዲህ ይፈትሹት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ይተዉት። አፍንጫውንና ተረከዙን ይዘው ይጠፉት፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚጀምሩበት ቦታ ነው፣ ወገቡ ላይ ከተቀነጠሰ አልቋል። ከዚያ ሶሉን ከጎን በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ጥሩው ገባ ብሎ ይመለሳል፣ ያረጀው እንደ እንጨት ደርቆ በሽብሽብ መስመር ተሞልቶ ያገኙታል። ከላይ ታጥቦ ነጭ ሆኖ ቢያብረቀርቅም አያታልልዎ። የሚለካው ከሰዓት በኋላ እግር አበጥ ሲል ነው፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይተርፍ። ጠባብ ጫማ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ያጠቁራል። ደህና ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ በሳምንት 12 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ወደ አንድ ዓመት ይሆናል።

በጾም ወቅት መሮጥ ይቻላል?

ይቻላል፤ መጠኑና ሰዓቱ ይለወጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ምግብም ውኃም የማይቀምስ ሰው ጠዋት ቢሮጥ ቀኑን ሙሉ ራሱን ያመዋል። የሚሻለው ከጾም መፍቻ በኋላ ነው። ሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ አንድ ኩባያ በሶ ወይም ሁለት ሙዝ ወስደው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ማለትም ወደ 11 ሰዓት ገደማ ይውጡ፤ ዋናውን ምግብ ከሩጫ በኋላ ይብሉ። ቅዳሜና እሑድ ሰዓት ስለማይጾም ረዘም ያለውን ሩጫ ለቅዳሜ ጠዋት ያስቀምጡት። የሩጫው ርቀት በጾሙ ወቅት አይጨመር፤ ያለውን መጠበቅ በቂ ነው። ጡንቻ ለመጠገን ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና የባቄላ ንፍሮ ይበቃሉ፤ ስጋ ካልበላሁ አልሮጥም የሚለው ሰበብ ነው። ይልቅ የፋሲካ ሰሞን ከዶሮው ማግስት መሮጥ ነው የሚከብደው።

ሦስት ቀን ምግብ ሳይቀምሱ ለሚጸልዩ፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እንደተለመደው፣ በእነዚያ ቀናት ሩጫ የለም፤ አጭር እርምጃ ይበቃል። ጾምንና ሩጫን አጣምሮ ጀብዱ ማድረግ የሁለቱንም ፍሬ ያበላሻል፤ ሰው ልቡ ወደ ራሱ ይዞርበታል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ወይም ከመጋቢው ጋር ይነጋገር።

እንጦጦ ዳገቱ ላይ ሁሌ እቆማለሁ። ዘዴ አለው?

አለው። እርምጃ ያሳጥሩ፤ በሜዳ ከሚረግጡት ግማሹን ያህል ቢሆን አይፈሩ። ከወገብ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ክንድ ይወዝውዙ፣ ተረከዝ መሬት መንካት አለመንካቱ አያስጨንቅዎ። በሜዳ የነበረውን ፍጥነት ዳገት ላይ ለመጠበቅ መሞከር ትልቁ ስሕተት ነው፤ የሚጠበቀው ትንፋሹ ነው፣ ፍጥነቱ ይውረድ። የ«አባታችን ሆይ»ው ፈተና እዚህም ይሠራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ መራመድም ነውር የለበትም። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ ጉልበት ይጎዳል፤ እየተንደረደሩ አይውረዱ።

ዓይን የት ይሁን ለሚለው፣ ከፊት 10 ሜትር ያህል። ጫፉን ደጋግሞ ማየት ያደክማል። እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ «ኢየሱስን ተመልክተን» የሚለውስ? ይላል፤ እሱ ፍጻሜውን ማየት አይደለም ወይ? ልክ ነው፤ ምሳሌው እዚህ ያነክሳል፣ ይተዉት ያነክስ። እያንዳንዱን ጠጠር ትምህርት ለማድረግ መታገል መዝናኛውንም ትምህርቱንም ያሳጣል። መሄጃውን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን እግሩ ሥር ቢያደርግ መንገድ አልሳተም ማለት ግን ይቻላል።

ጎሕ ሳይቀድ ወደ ጫካው አይግቡ፤ ጅብ አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ቢቻል ሦስት አራት ሆነው። ውሻ ቢያባርርዎ ሩጫ ያቁሙ፣ ፊትዎን ወደ እሱ አድርገው ቀስ ብለው ይራመዱ፤ የሚሮጥ ነገር ለማባረር ያነሣሣዋል።

የቤተ ክርስቲያናችንን ወጣቶች ይዤ መሮጥ እፈልጋለሁ። እንዴት ላዘጋጀው?

ከ6 እስከ 10 ሰው፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጥቅስ። 5 ደቂቃ ጥቅሱ ይነበባል፣ ማብራሪያ የለም። 35 ደቂቃ ሩጫና እርምጃ። 10 ደቂቃ ሰውነት ማፍታታት። የመጨረሻው 10 ደቂቃ ውይይት፣ ቁጭ ብለው፣ ውኃ እየጠጡ። ላብ ያደረቀው ሰው ይበርደዋልና ሹራብ ይዘው እንዲመጡ አስቀድመው ይንገሩ።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ስብከት ነው። ሰው አለከለከ ማለት ለመማር ተዘጋጀ ማለት አይደለም፤ ሃያ ደቂቃ የሚሰብክ መሪ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹን ያጣል። ከስብከት ይልቅ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ዛሬ ማቆም ያማረህ የት ጋ ነው? እዚያ ሰዓት ለራስህ ምን አልከው? አንዳንዱ «ምንም አላልኩም፣ ቆምኩ» ይላል፤ ደህና መልስ ነው።

ሁለተኛው ፈጣኖቹ ናቸው። ሁለት ልጆች ፊት ያመልጣሉ፣ አንዲት ልጅ ኋላ ብቻዋን ትቀራለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አትመጣም። ፍጥነቱን የመጨረሻዋ ትወስን። ያዕቆብ ዔሳው አብረን እንሂድ ሲለው ልጆቹ ደካሞች ናቸው፣ ከብቶቹም የሚያጠቡ ናቸው፣ አንድ ቀን በጥድፊያ ከተነዱ ይሞታሉ ብሎ በሕፃናቱ እርምጃ መጠን በዝግታ እንደሚሄድ ነገረው (ዘፍ. 33፥13-14)። ፈጣኖቹ እየሮጡ ይሂዱ፣ ግን በየ200 ሜትሩ ዞረው ወደ ኋለኛዋ ይመለሱ፤ እነሱም የሚፈልጉትን ያህል ይሮጣሉ፣ እሷም ብቻዋን አትሆንም።

ልብስ ላይ ሕግ አታብዙ። ሰፊ ቱታና ረዘም ያለ ቲሸርት ለሴቶችም ለወንዶችም ይሆናል።

መዝሙር እየሰማሁ ብሮጥ?

አንድ ጆሮ ብቻ። መኪና መንገድ ላይ ከሆነ ምንም ባይኖር ይሻላል። ፈጣን መዝሙር ሳያውቁት ያስሮጣል፤ ለማሟሟቂያ ዝግ ያለውን ይምረጡ። በሳምንት አንዱን ቀን ግን ያለ ምንም ድምፅ ይሩጡ፤ አሰልቺ ነው፣ መሰልቸቱ ራሱ ልምምድ ነው።

ውድድሮች እሑድ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ልቅር?

ታላቁ ሩጫ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር ላይ እሑድ ጠዋት ይካሄዳል፤ ጥያቄው ስለዚህ በየዓመቱ ይነሣል። ቅዳሴ ማስቀደስ የለመደ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ቀድሞ የሚያልቅበት ደብር ካለ ይጠይቅ፣ ከንስሐ አባቱም ይማከር። የማታ ወይም የከሰዓት ፕሮግራም ያላቸው አጥቢያዎችም አሉ። በዓመት አንድ እሑድ አንድ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ልምምድ ይዞ ጉባኤን መተው ሌላ ነው። ለልምምድ ቅዳሜ አለ።

ታዋቂ ሯጮቻችንን ለጽናት ምሳሌ ማንሣት ተገቢ ነው?

ተገቢ ነው፤ ግን «አመነ፣ አሸነፈ» ተብሎ እንዳይጠቃለል። መሠረት ደፋር በ2004 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አቴንስ 5,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች፣ በ2008 ቤይጂንግ ሦስተኛ ገባች (ሁለተኛ የገባችው ሯጭ በዶፒንግ ስለተሰረዘች ነሐሱ ኋላ ወደ ብር ተቀይሮላታል)፣ በ2012 ለንደን እንደገና ወርቅ፤ መስመሩን አልፋ የእመቤታችንን ከነልጇ ሥዕል አውጥታ ለዓለም አሳየች። ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ሥዕሉን ነው። ለጽናት ትምህርት ግን በሁለቱ ወርቆች መካከል ያሉት ስምንት ዓመታት ይበልጣሉ። ደራርቱ ቱሉም በ1992 አሸንፋ፣ በ1996 ከሜዳልያ ውጭ ሆና፣ በ2000 ሲድኒ ተመልሳ አሸንፋለች።

አበበ ቢቂላን ሁሉም በሮም ባዶ እግሩ ያውቀዋል። በ1964 ቶኪዮ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ነው። ከ1969ኙ የመኪና አደጋ በኋላ እግሮቹ ሲሽመደመዱ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ። ሩጫው ሲወሰድበት ሌላ ያዘ።

ለዕብራውያን 12 ግን የሚመረጠው ሰው ኢትዮጵያዊ አይደለም። በ1968 ሜክሲኮ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ጨርሶ ወርቁን ሲወስድ፣ ታንዛንያዊው ጆን ስቴፈን አኽዋሪ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እያነከሰ ገባ፤ ከጨረሱት ሁሉ የመጨረሻው። (ቀደም ሲል ማነከስ ከጀመሩ ይቁሙ ብለናል። አኽዋሪ የኦሊምፒክ ሯጭ ነበር፤ እኛ የቅዳሜ ሯጮች ነን፤ ምክራችንን አልቀየርንም።)

ዐረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። መውጣት አልችልም፤ ለእኔም ይሆናል?

ይሆናል። ደረጃ ያለው ቤት ከሆነ አንድ ፎቅ ወጥቶ መውረድ 5 ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 5 ጊዜ። ደረጃ ከሌለ ባለበት ቦታ ጉልበትን እስከ ወገብ እያነሡ 1 ደቂቃ፣ 1 ደቂቃ ዕረፍት፣ 8 ጊዜ፤ ከታች ያለ እንዳይረበሽ ባዶ እግር ምንጣፍ ላይ። ሥራው ራሱ ቀኑን ሙሉ በእግር የሚያስቆም ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ለዚያ ሰው መዝናኛው እግር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ 10 ደቂቃ በጀርባ መተኛት፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት ማንበብ ነው። «ኑና ጥቂት ዕረፉ» የተባሉት ደቀ መዛሙርት ለመብላት እንኳ ጊዜ ያልነበራቸው ነበሩ (ማር. 6፥31)። ውጭ መውጣት የሚፈቀድልሽ ከሆነ በበጋ ወራት ፀሐይ ሳትወጣ ብቻ ውጪ፤ ማታም ቢሆን አስፋልቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ውኃ ሳይዙ አይወጣም።

ጉልበቴ አይችልም፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። መሮጥ ግድ ነው?

አይደለም። ኢሳይያስ 40፥31 መብረርን፣ መሮጥን፣ መሄድን በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ የሚያልቀው «ይሄዳሉ፥ አይደክሙም» ላይ ነው። በሳምንት አምስት ቀን 20 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይራመዱ፤ በየሁለት ሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመሩ 40 ደቂቃ ላይ ያቁሙ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ የሚይዝ ሰው ለእርምጃውም ዘንግ ቢይዝ ቁልቁለት ላይ ከጉልበቱ ላይ ሸክም ይቀንስለታል፤ ቁመቱ ክርን ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ እጅ የሚያርፍበት ያህል ይሁን። ከእርምጃ በኋላ ጉልበቱ ካበጠ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ ይያዙበት፣ በማግስቱ ይረፉ፤ እብጠቱ በሁለት ቀን ካልወረደ ጤና ጣቢያ ይታዩ።